ፔትሮግራድን ከጣና ዳር ሆኖ ማንበብ፦ በግራ ዘመም የውይይት ክበቦች ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ባሕር ዳር ላይ፣ ከሐይቁ ዳር ባለ አንድ የዋርካ ጥላ ሥር፣ ቡና የምታፈላ ሴት በምትደረድራቸው ዱካዎች ላይ ተቀምጠን መወያየት ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ከፖሊና ከፔዳ ግቢ፣ የሚመጡ ተማሪዎች፣ ሁለት መምህራን፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ አልፎ አልፎም ሥራቸው ሲፈቅድላቸው የባጃጅ አሽከርካሪዎች ይገኛሉ። ሁላችንም በግራው ወገን የቆምን ነን ብለን እናምናለን፤ ግራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ሁለት ሰው በአንድ ቃል ተስማምቶ አያውቅም። የእኔ ድርሻ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። ስለዚህም ማን ምን እንዳለ፣ ውይይቱ የት ላይ እንደ ተሰናከለ፣ የትኛው እሑድ በከንቱ እንደ ባከነ በደብተሬ ላይ ቀርቷል። ቀጥሎ የማነሣቸው ስህተቶች ከዚያ ደብተር የተለቀሙ ናቸው። ከመካከላቸው እኔ ያልሠራሁት የለም ማለት ይቻላል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የሌላ አገር አብዮት፣ በተለይም በፔትሮግራድ የተነሣውን የ1917ቱን የሩሲያ አብዮት፣ መከታተል የሥራ ፈት ጉዳይ ነው፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እንዲሉ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ሐሳባቸውን አልጋራም። የሩቁን አገር ያላየ ሰው የራሱን አገር የሚያነጻጽርበት ነገር የለውም። ችግሩ ያለው፣ የሩቁን አገር ስንመረምር የምናነሣቸውን ጥያቄዎች፣ ማለትም መሬቱ በማን እጅ ነበር፣ ዳቦው በስንት ይሸጥ ነበር፣ ማን ከማን ጋር ቆመ የሚሉትን፣ በገዛ ደጃችን ላይ ሳናነሣ ስንቀር ነው።

የሌላ አገር መልስ ይዞ ለራስ አገር ጥያቄ መፈለግ

በክበባችን የመጀመሪያ ዓመት ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ የወሰደው «ኢትዮጵያ ዛሬ በየትኛው የአብዮት ደረጃ ላይ ትገኛለች?» የሚለው ጥያቄ ነበር። ጥያቄው ከእኛ የጀመረ አይደለም። የ1960ዎቹ ትውልድ ከሩሲያ ስለ አብዮት ደረጃዎች የተደረገውን ክርክር፣ ከቻይና አዲስ ዴሞክራሲያዊ አብዮት የሚለውን ሐሳብ፣ ከኩባና ከቬትናም የሽምቅ ውጊያን ትምህርት ወስዶ፣ ለአገሩ ልብስ ሊሰፋላት ብዙ ደክሟል። ድካሙን አላናንቀውም፤ በዚያ ዕድሜና በዚያ የመጽሐፍ እጥረት ያን ያህል ማንበባቸው ዛሬም ይገርመኛል። ልኩ የተወሰደው ግን ከሌላ ሰው ገላ ላይ ነበር።

ለዚህ ከጎጃም የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ሲወጡ፣ መፈክሩ የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለ መሬት ለሚያስረክበው የደቡብ ጭሰኛ ትርጉሙ ፀሐይ የሞቀው ነበር። የጎጃም ገበሬ አብዛኛው ግን ከአያት ቅድመ አያቱ በሚቆጠር የርስት መብት መሬት የያዘ ነበር፤ ከርስቱ ውጭ የቀሩት ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና የጣናው ወይጦ ናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውሞ ይህ ገበሬ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ሲነሣ፣ ያነሣሣው መሬት ይሰጠኝ የሚል ጥያቄ አልነበረም። ያነሣሣው ግብር ገማቹን ተከትሎ ቃላድ፣ ማለትም የመሬት መለኪያው ገመድ፣ ይመጣል፣ መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ይነጠቃል የሚለው ሥጋት ነበር። መንግሥት ጦር አዘመተ፣ ከአየርም ደበደበ፤ በመጨረሻ ግን ግብሩ ሳይሰበሰብ ቀረ፣ ውዝፉ ተማረ፣ ጠቅላይ ገዢውም ከጎጃም ተነሡ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲውን ተማሪዎች ለተቃውሞ ካስነሡት ጉዳዮች አንዱ በግቢው የተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት እንደ ነበር በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ለኅሊና ይከብዳል።

እኛም ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሠራነው ያንኑ ነው። «የ1960ው የጎጃም አመፅ ተራማጅ ነው ወይስ አድሃሪ?» በሚል ሁለት እሑድ ተከራከርን። አንደኛው ወገን ገበሬው ግብር እምቢ በማለቱ ተራማጅ ነው አለ፤ ሌላኛው ርስትን ለማቆየት በመነሣቱ አድሃሪ ነው አለ፤ ሁለቱም ወገኖች ማስረጃቸውን ያመጡት ስለ ፈረንሳይና ስለ ሩሲያ ገበሬ ከተጻፈው ነበር። በሦስተኛው እሑድ ከሞጣ ወረዳ የመጣች የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከአያቷ የሰማችውን በማስታወሻ ይዛ መጣች። አያቷ «ቃላድ መጣ ሲባል ከብቱን ወደ ቆላ ነዳን፣ እህሉን ቀበርን፣ ከዚያ በኋላ ነው ጠመንጃ ያነሣነው» ብለዋታል። ከብቱ አስቀድሞ፣ እህሉ ቀጥሎ፣ ጠመንጃው መጨረሻ። ይህ ቅደም ተከተል ስለ አመፁ የነገረንን ያህል ሁለቱ እሑዶች አልነገሩንም።

በውጭው ዓለምም ተመሳሳይ ነገር ነበር፤ ስለዚህ ንጽጽሩ ቢጠቅም በዚህ በኩል ይጠቅማል። ቼ ጉቬራ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 1967 በቦሊቪያ የተገደለው፣ ገበሬው እንደ ኩባው ይከተለኛል ብሎ በገባበት ገጠር ማንም ሳይከተለው ነው። ቦሊቪያ እ.ኤ.አ. በ1952 የራሷን አብዮት አካሂዳ በማግሥቱ ዓመት መሬት አከፋፍላ ነበር። ታጋዮቹ የአገሬውን ቋንቋ ለመማር ቢሞክሩም የተማሩት ኬችዋ ሲሆን፣ የገቡበት አካባቢ ሰው የሚናገረው ጓራኒ ነበር። የኩባን አብዮት ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ እንዲያውም ራሱ የሠራው ሰው እንኳ በሌላ አገር እንዲህ ከተሳሳተ፣ ከመጽሐፍ ያነበብነው እኛማ ምን ያህል እንጠንቀቅ?

የዘመን አቆጣጠርን ማደባለቅ

ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ክርክር ግን ያበላሻል። አንድ ጎበዝ ተናጋሪ የቻይና የባህል አብዮትና የኢትዮጵያ አብዮት በአንድ ዓመት፣ በ1966፣ መፈንዳታቸው የዘመኑን መንፈስ ያሳያል ብሎ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲያስረዳን ማንም አላቋረጠውም። የቻይናው 1966 የፈረንጆች ነው፤ የእኛው 1966 ለፈረንጆች 1974 ነው። በመካከላቸው ስምንት ዓመት አለ።

በጥንቃቄ ለሚያሰላ ሰው አቆጣጠሩ ያልታሰበ ነገር ያሳያል። ሩሲያ በዚያ ዘመን የምትጠቀምበት የጁልያን አቆጣጠር ከእኛው ጋር አብሮ የሚሄድ በመሆኑ፣ በፈረንጆች በማርችና በኖቬምበር 1917 የዋሉት ሁለቱ አብዮቶች በእኛ የካቲት 29 ቀን 1909 እና ጥቅምት 28 ቀን 1910 ዓ.ም. ላይ ይውላሉ፤ «የየካቲት አብዮት»፣ «የጥቅምት አብዮት» የሚሉት ስሞች በአማርኛ ያለ ማስተባበያ ይሠራሉ ማለት ነው። የቺሌው ፕሬዚዳንት አየንዴ በወታደሮች የተገለበጡበት ሴፕቴምበር 11 ቀን 1973 ደግሞ ለእኛ መስከረም 1 ቀን 1966 ዓ.ም. ነበር። የአብዮታችን ዓመት የባተው በሌላ አገር የግራ መንግሥት በወደቀበት ዕለት ነው። ከዚህ ምሥጢር ለማውጣት የሚሞክር ካለ ግን ደብተሬን እዘጋለሁ።

ስያሜን እንደ ማስረጃ መቁጠር

«ንዑስ ከበርቴ»፣ «አድርባይ»፣ «ከላሽ»፣ «ቀኝ መንገደኛ»። እነዚህ ቃላት በክበባችን ውስጥ አንድን ሰው ዝም ለማሰኘት ካልሆነ በቀር አንድን ነገር ለማስረዳት ሲውሉ ያየሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቃላቱ የተወለዱት በቁም ነገር ነበር፤ የ1960ዎቹ ሰዎች በአማርኛ ያልነበረ የፖለቲካ መዝገበ ቃላት በጥቂት ዓመታት ውስጥ አቁመዋል፣ ዛሬም የምንናገረው በእነርሱ ቃል ነው። ችግሩ የመጣው ቃሉ ከነገሩ ሲቀድም ነው። ፕሮሌታሪያት የሚለውን ላብ አደር እንበለው ወይስ ወዝ አደር የሚለው እንኳ የቋንቋ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የወገን መለያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር።

በ1968 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ላይ «አብዮታዊ መድረክ» በሚል ዐምድ የሁለቱ የግራ ድርጅቶች፣ የኢሕአፓና የመኢሶን፣ ሐሳብ አራማጆች በብዕር ስም ሲሟገቱ፣ ያን ክርክር ዛሬ የሚያነብ ሰው ሁለቱ ወገኖች በስንት ነገር እንደ ተስማሙ ሲያይ መደነቁ አይቀርም። ሁለቱም ማርክሳዊ ነን ይላሉ፤ ሁለቱም የመሬቱን አዋጅ ይደግፋሉ፤ ሁለቱም የሠራተኛው ፓርቲ እንዲቋቋም ይፈልጋሉ። የተለያዩት፣ ሥልጣን የያዘው ወታደር ምን ይደረግ በሚለው ላይ ነው፤ ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ሲል፣ መኢሶን ሂሳዊ ድጋፍ (እየነቀፉ መደገፍ) እየሰጡ ማደራጀት አለ። ይህ ከባድና እውነተኛ የፖለቲካ ልዩነት ነበር። ነገር ግን አንደኛው ሌላውን «አናርኪስት»፣ ሌላኛው አንደኛውን «ባንዳ» ካለው በኋላ የሚመረመር ሐሳብ አልቀረም፤ የቀረው የሚመታ ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ ጥይቱ መጣ፣ ከጥይቱም በኋላ ሁለቱንም የበላው ቀይ ሽብር መጣ።

በጎጃም የቅኔ ቤት ተማሪ የአንድን ግስ አገባብ ሳያጠና በቅኔው ውስጥ ቢያስገባው መምህሩ አያልፉትም፤ አርመው ይመልሱታል። እኛም ይህንኑ ወግ ተውሰን፣ ስያሜ የተጠቀመ ሰው ያንኑ ሐሳብ ያለ ስያሜው ደግሞ እንዲናገር ማስገደድ ጀመርን። «ገበሬው ንዑስ ከበርቴ ነው» ያለ ሰው፣ ቃሉን ሳይጠቀም፣ ስንት ጥማድ መሬት፣ ስንት በሬ፣ በዓመት ለስንት ወር የሚበቃ እህል ማለቱ እንደሆነ ይናገር። ግማሾቹ ክርክሮች እዚያው ላይ ያበቃሉ።

አብዮትን ከመንግሥት ጋር ማምታታት

ፖሊ ግቢን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ነው። የጥቅምት አብዮት ልጅ የሆነው መንግሥት ትምህርት ቤቱን የሰጠው ለዘውዳዊ መንግሥት፣ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበር። በዚህ ውስጥ ነውር የለም፤ መንግሥት ከመንግሥት ጋር ይሠራል። ነገር ግን አንድን የውጭ መንግሥት ለአብዮቱ ብለን እንደ ቤተ ዘመድ ስንቆጥረው፣ ያ መንግሥት የራሱ ጥቅምና የራሱ ካርታ እንዳለው እንረሳለን።

ከ14 ዓመት በኋላ የሆነውን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሶማልያና ኢትዮጵያ፣ ሁለት ሶሻሊስት ነን የሚሉ መንግሥታት፣ በኦጋዴን ሲዋጉ ሞስኮ የቆየ ወዳጇን ሶማልያን ትታ ለደርግ ጦር መሣሪያ በአየር አጓጓዘች፤ ኩባም በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ላከች። በዚያው ወራት አዲስ አበባ ውስጥ ማርክስን በማንበብ ያደጉ ወጣቶች አስከሬን በየጎዳናው ይጣል ነበር። እነዚያ ወጣቶች የሞስኮን አብዮት ከማንም ይበልጥ ያውቁ ነበር፤ አብዮቱን ማወቃቸው ግን የሞስኮ መንግሥት ምን እንደሚያደርግ አላስተማራቸውም። ዛሬም ቻይናን ወይም ሌላ አገርን በጅምላ ለመደገፍ ወይም በጅምላ ለማውገዝ የሚፈጠነው በዚሁ መምታታት ምክንያት ነው።

ያሸነፈውን ብቻ ማንበብ

ደብተሬን ስቆጥረው በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ሩሲያ፣ ስለ ቻይናና ስለ ኩባ ከሃያ ጊዜ በላይ ተወያይተናል፤ ስለ ተሸነፉት ሁለት ጊዜ ብቻ። ሆኖም ለእኛ ዓይነት ሰው የሚበዛው ትምህርት ያለው ከተሸነፉት ዘንድ ነው።

ሦስት አገሮችን በተርታ ላስቀምጥ። በሱዳን እ.ኤ.አ. በ1969 ኮሎኔል ኒሜሪ ሥልጣን ሲይዙ፣ በአፍሪካ ከታላላቆቹ አንዱ የነበረው የሱዳን ኮሙኒስት ፓርቲ ውስጡ እየተከፋፈለም ቢሆን ከጎናቸው ቆመ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግንኙነቱ ሻከረ፤ በጁላይ 1971 ለፓርቲው ቅርብ የሆኑ መኮንኖች ያደረጉት ግልበጣ በሦስት ቀን ከሸፈ፤ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ አብዱል ኻሊቅ ማህጁብና የሠራተኛ ማኅበራቱ መሪ ተሰቀሉ። በኢትዮጵያ መኢሶን ለደርግ የሰጠው ሂሳዊ ድጋፍ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1977) አብቅቶ፣ መሪዎቹ ኅቡዕ ሲገቡ አብዛኞቹ ተይዘው ተገደሉ። በኢራን እ.ኤ.አ. በ1979 ንጉሡ ሲወድቁ፣ ቱዴህ የተባለው ኮሙኒስት ፓርቲና ፌዳያን የተባለው የግራ ድርጅት አብላጫ ክንፍ፣ ኢምፔሪያሊዝምን ይቃወማል በሚል አዲሱን የሃይማኖት መሪዎች መንግሥት ደገፉ፤ በ1983 የቱዴህ መሪዎች ታሠሩ፣ ፓርቲውም ታገደ።

የሦስቱ ጠባይ የተለያየ ነው፤ አንድ ናቸው አልልም። ነገር ግን የካርቱሙ ስቅላት ከአዲስ አበባው ስድስት ዓመት ይቀድማል፤ የአዲስ አበባውም ከቴህራኑ ስድስት ዓመት ያህል ይቀድማል። ሁሉም ዓይናቸውን ወደ ፔትሮግራድ አቅንተው ስለ ነበር ጎረቤታቸው የተሰቀለበትን ገመድ አላዩም። ይህን ስጽፍ በዚያ ዘመን ሰዎች ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ እነርሱ የካርቱምን ዜና ለማግኘት የነበረባቸው ችግር እኛ ላይ የለም። እኛ ምን እንላለን?

ካርቱምን ዘልሎ ማለፍ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምንቀመጥበት ቦታ ራሱ ያስገድደኛል። ከዋርካው ሥር ሆኖ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው ዐባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን አቅጣጫ ያያል። ያ ውኃ የሚደርሰው ካርቱም ነው። የሱዳን አብዮት በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ሲቀጣጠል የዓለምን ዓይን የሳበችው የባቡር ሠራተኞች ከተማ አትባራ ስሟን የያዘችው፣ ከጣና በስተሰሜን ካለው የጎንደር ምድር ከሚነሣው ወንዝ ነው። እንዲህም ሆኖ በክበባችን ውስጥ የፔትሮግራድን ጎዳናዎች በስም የሚጠራ እንጂ የአትባራን የሠራተኛ ማኅበራት ታሪክ የሚያውቅ አልነበረም።

ሱዳኖች ያደረጉት ነገር ደግሞ ለማንኛውም የግራ ሰው ሊያልፈው የማይገባ ነው። የዳቦ ዋጋ ከአንድ ፓውንድ ወደ ሦስት ሲወጣ የተነሣው ተቃውሞ በአራት ወር ውስጥ የሠላሳ ዓመቱን የአል በሽርን አገዛዝ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 2019 ጣለ። የሐኪሞች፣ የመምህራንና የጠበቆች ማኅበራት ኅብረት ጥሪውን አስተባበረ፤ በየሠፈሩ የተቋቋሙት የተቃውሞ ኮሚቴዎች ሰልፉን አደራጁ። ጁን 3 ላይ በጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ፊት የተቀመጠው ሕዝብ በጥይት ተበተነ፣ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። በኦክቶበር 2021 ጦሩ የሽግግር መንግሥቱን ገለበጠ፤ በኤፕሪል 2023 ጦሩና ፈጥኖ ደራሽ የተባለው ኃይል እርስ በርሳቸው ጦርነት ገጠሙ። የሠፈር ኮሚቴዎቹ አባላት ግን በጦርነቱ መካከል የጋራ ወጥ ቤት እየከፈቱ፣ ቁስለኛ እያነሡ ቀጠሉ። ፓርቲ የሌለው የሠፈር አደረጃጀት መንግሥት ሊጥል ይችላል፤ ሥልጣን ለመያዝስ ይበቃል ወይ? በክበባችን ለሦስት ዓመት ስንሟገትበት የነበረው የፓርቲና የንቅናቄ ጥያቄ እዚያ በሥጋና በደም ቀርቧል።

ይህን ጉዳይ ወደ ክበባችን ያመጣልን ምሁር አልነበረም። ከጣና የሚወጣው ዓሣ ከፊሉ ደርቆ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሻገራል። ከዓሣ አስጋሪዎች አንዱ፣ ቡና ሊጠጣ ጎናችን የተቀመጠ፣ ስለ ሩሲያ ስናወራ ቆይቶ አዳመጠና «ወንድሞቼ፣ ሱዳን እንዲህ ከሆነች ወዲያ አምባዛውን ለማን እንደምንሸጥ የምታውቁት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀን። እኛ ለእርሱ የምንመልሰው አልነበረንም፤ እርሱ ግን የካርቱም ገበያ መቼ እንደ ተዘጋ፣ የትኛው መንገድ እንደ ተቆረጠ፣ ሱዳናዊ ደንበኞቹ ወዴት እንደ ሸሹ በየወሩ ያውቅ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ የውይይቱን ርዕስ ቀየርን።

ማየትን እንደ ማድረግ መቁጠር

በሌሊት ስልክ ላይ የሩቅ አገር ሰልፍ እያዩ ማደር ልብ ያሞቃል። የናይሮቢ ወጣቶች ፓርላማ ሲገቡ፣ የዳካ ተማሪዎች ጠቅላይ ሚኒስትሯን ሲያባርሩ በቀጥታ ተከታትለናል፤ እሑድ ላይ ስንገናኝ ያላየ እንደ ሰነፍ ይቆጠር ነበር። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ደረቀ፤ ያኔ ነው ከምስሉ በቀር ስለ ኬንያው የግብር ረቂቅ ወይም ስለ ባንግላዴሹ የመንግሥት ሥራ ኮታ አንዳችንም ሦስት ዓረፍተ ነገር መናገር እንደማንችል የታወቀው። ከዚያ ወዲህ ያለን ደንብ ቀላል ነው፤ ያየውን የሚናገር ሰው ሰልፈኞቹ የጠየቁትን በቁጥር ይናገር።

ስለ ሠራተኛ ማውራት፣ ሠራተኛን አለመጠየቅ

ለቡና አፍይዋ እናት የሆኑ አንዲት አሮጊት ከዱካችን ጀርባ ተቀምጠው እንዝርት ሲያሾሩ ይውላሉ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ ናቸው። ባሕር ዳር ፋብሪካዋን ያገኘችው በ1953 ዓ.ም. ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የተመረቀው የጢስ ዐባይ ኃይል ማመንጫም ያን ፋብሪካ ታሳቢ ያደረገ ነበር። ከተማዋ ያደገችው በዚያ ዙሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እኛ ግን ስለ ወዝ አደር ስናወራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርባችንን ለእኒህ ሴት ሰጥተን ነበር።

አንድ እሑድ ስለ የካቲቱ አብዮት እየተነበበ ነበር። በፔትሮግራድ ቪቦርግ ሠፈር የጨርቃ ጨርቅ ሴት ሠራተኞች በሴቶች ቀን ሥራ አቁመው ወጡ፤ የብረታ ብረት ወንዶችንም እየጠሩ አስወጡ፤ ዳቦ አሉ፤ በሳምንት ውስጥ ንጉሡ ወደቀ። አንባቢው ይህን እንደ ጨረሰ የእንዝርቱ ድምፅ ቆመ።

«ልጆቼ፣ እነዚያ ሴቶች በስንት ፈረቃ ነበር የሚሠሩ?»

ማንም አልመለሰም። አንዱ ስለ ሩሲያ ፓርቲዎች ልዩነት ሊያስረዳቸው ጀመረ፤ እርሳቸው ግን በትዕግሥት አዳምጠው ያንኑ ደገሙት። በሳምንቱ አንድ ተማሪ የሚያገኘውን ፈልጎ መጣ፤ በ1897 እ.ኤ.አ. የወጣው የሩሲያ ሕግ የቀኑን ሥራ ከ11 ሰዓት ተኩል እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። «እማማ፣ 11 ሰዓት ተኩል» አላቸው።

«ኧረ በስመ ሥላሴ! እኛ ስምንት ሰዓት ቆመን ጉልበታችን ይከዳን ነበር» አሉ። ትንሽ አሰብ አድርገው ደግሞ፣ «ከዚያስ ወጥተው ለዳቦ ይሰለፉ ነበር?»

«አዎ እማማ፣ ሌሊት ጭምር።»

«እንግዲያ ሠልፉ ላይ ነው የተማከሩት» አሉና እንዝርታቸውን አነሡ።

በደርግ ዘመን በየቀበሌው ኅብረት ሱቅ ለስኳርና ለሳሙና የተሰለፈች ሴት፣ ወረፋ ማለት ሰው የሚተዋወቅበት፣ ወሬ የሚለዋወጥበት፣ አብሮ የሚናደድበት ቦታ መሆኑን ከእግሯ ታውቀዋለች። የታሪክ ጸሐፊዎች በብዙ ጥናት የደረሱበትን እርሳቸው በአንድ ጥያቄ ደረሱበት። ከዚያ በኋላ ስለ ፋብሪካው ሕይወት አራት እሑድ አነጋገርናቸው፤ የሌሊት ፈረቃ ያላት የቀን ፈረቃ ያላትን ልጆች እንዴት እንደምትጠብቅ፣ ዕቁቡ በደመወዝ ቀን እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ማኅበሩ ማን ሲመራው ይሰማ ማን ሲመራው ይናቅ እንደ ነበር ነገሩን። በደብተሬ ውስጥ በቀይ ያሠመርኩባቸው ገጾች እነዚህ ናቸው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ስህተት አለ፤ እርሱም የውይይቱን ሰዓትና አነጋገር ለተማሪ ብቻ እንዲመች አድርጎ ማሰናዳት ነው። እሑድ ከሰዓት የባጃጅ አሽከርካሪ ገበያው የሚደራበት ነው፤ ዓሣ አስጋሪውም ለማታ መረብ የሚዘጋጅበት ነው። ሠራተኛው ለምን አይመጣም ብሎ ስለ ንቃተ ኅሊና ከመተንተን በፊት ሰዓቱን መቀየር ይቻላል።

ሳይጽፉ መለያየት

የመጨረሻውን ስህተት በአጭሩ ልጥቀስ። የቀድሞው ትውልድ ብዙ በራሪ ወረቀት ጻፈ፤ ከፊሉ በፍተሻ ተያዘ፣ ከፊሉ በገዛ እናቶቻቸው እጅ ከምድጃ ገባ፣ እናቶቹም ይህን ያደረጉት ልጆቻቸውን ለማትረፍ ነበር። እኛን የሚከለክለን ስንፍና ነው። በውይይት ላይ የተባለ ሐሳብ ከሳምንት በኋላ በእያንዳንዱ ሰው አእምሮ ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ «እኔ እንዲያ አላልኩም» በሚል ብቻ የባከኑ እሑዶችን ቆጥሬ ስድስት አግኝቻለሁ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውይይት በኋላ ሁለት ነገር ይጻፋል፤ አንደኛው የተስማማንበት፣ ሁለተኛው ገና ያልተመለሰውና ማን ጠይቆ እንደሚመጣ።

ለመጪው እሑድ የተጻፈው ይህ ነው፦ ከሞጣ የመጣችው ተማሪ የሱዳን የሠፈር ኮሚቴዎች ገንዘባቸውን ከየት ያገኙ እንደ ነበር አንብባ ታቀርባለች። የባንክ ሠራተኛውና እኔ ደግሞ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀልባዎቹ ከሚራገፉበት ተገኝተን፣ የአንድ ኪሎ ቀረሶ ዓሣ ዋጋ ከአስጋሪው እጅ እስከ ምግብ ቤቱ ድረስ በስንት ሰው እንደሚያልፍ፣ መረቡን ያበደረው ነጋዴ ከዕዳው ላይ በስንት እንደሚያስበው ቆጥረን እንመጣለን። እማማ ሰዓቱን ሲሰሙ 12 ሰዓት ከሄዳችሁ አርፍዳችኋል፣ 11 ሰዓት ሂዱ ብለውናል።